የተገዛ እንባ

እንባ ገዝቼ ወጣሁ፣ ከጥጉ መድኃኒት ቤት፤
ሁለት ጠብታ ለቀን፣ ሁለት ለሌሊት።
ሻጯ «ምን ሆንሽ» አላለች፣ ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠች፤
በትሮምሶ፣ በኅዳር፣ ስንት ደረቅ ዐይን አይታለች።

ፀሐይ እዚህ ከተማ ሁለት ወር ፈቃድ ትወጣለች፣
ከተራራው ጀርባ ወርዳ እስከ ጥር ትከርማለች።
እኔ ግን ሦስት አሉኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩ፣
የማይሞቁ፣ የማይጠልቁ፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ የሚያድሩ።

ሥራዬ ባሕር ማንበብ ነው።
ከሳተላይት በወረደ በግራጫ ምስል ላይ
መርከብ የደፋው ዘይት፣ ጥቁር ጠባሳው ሲታይ
ለጥበቃው ጀልባ መደወል።
ባሕሩ ግን፣ ዋናው ባሕር፣ ከወንበሬ ጀርባ አለ፤
መጋረጃ ጋረድሁበት፣ ስክሪኔ ላይ ነጸብራቅ ስለጣለ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አነበብሁት፤
አንድም ቀን አላየሁት።

አንድ ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ዐይኔን አሸዋ ሞልቶት፣ ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሲሆንብኝ፣
ሕመሙ ከቅንድቤ ተነሥቶ ማጅራቴ ላይ ሲሰፍርብኝ፣
ከድብ ደሴት በስተምሥራቅ ጥቁር ነገር ተዘርግቶ አየሁ፤
«ዘይት ነው» አልሁ፤ የተኛ ጀልባ ቀሰቀስሁ።
ካፒቴን ስቬረ በጨለማ አምስት ሰዓት ሙሉ ሄደ፣
ሬዲዮኑ ሲንኮሻኮሽ ልቤ ሆዴ ውስጥ ወረደ፦
«ቶርዲስ፣ እዚህ ዘይት የለም። ነፋሱ ነው የተኛው።
ውኃው ዝም ብሏል፤ ጥፋቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለው።»

ዝምታን በወንጀል ከሰስሁት፣
ጀልባ ሙሉ ምስክር ፊት።

መነጽር ሠሪው አይሎ የካራሾክ ሰው ነው፣ ሳሚ፤
ቃሉ ቁጥብ፣ ጣቱ ቀጭን፣ ከመናገር ይልቅ ሰሚ።
አገጬን ብረት ላይ አስደግፎ በደቂቃ ስንት ጊዜ
ዐይኔ እንደሚርገበገብ ቆጠረ፤ «አራት» አለ በትካዜ።
«ዓሣስ የዐይን ቆብ የለውም፤ ያንቺ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ይህ ሌንስ» አለ፣ በጨርቅ ጠርጎ ወደ መብራት እያነሣ፣
«ላዩ ለሩቅ ነው፤ ከሥሩ ግማሽ ዲዮፕትር አለው፣
ከዐይንሽ ጡንቻ ሸክም ጥቂት እንዲያነሣ።»
«ሰማያዊ ብርሃን የሚያግደው፣ ያ ቢጫ ሽፋንስ?» አልሁት።
ሳቀ። «እሸጥልሻለሁ። ብርሃኑን ያግድ ይሆናል፤
ድካምሽን ግን አያውቀውም።
ይኸኛውም ቢሆን ምርኩዝ ነው እንጂ እግር አይደለም፤
በየሃያ ደቂቃው ራቅ አድርገሽ እዪ፤ ዐይን በቅርብ ብቻ አይኖርም።»
«ምኑን ልይ? ውጪው ጨለማ ነው።»
«ጨለማም ሩቅ አለው።»

የመጀመሪያው ቀን ወለሉ ዘመመብኝ፤ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ያዝሁ።
በሦስተኛው ፊደላቱ ወደ መስመራቸው ተመለሱ፣
እንደ ረፈደበት ተማሪ ቁና ቁና እየተነፈሱ።

ከዚያ መጋረጃውን ገለጥሁ።
ከባሕር ሰርጡ ማዶ አንዲት መስኮት፣ ቢጫ፣ የክብሪት ራስ የምታህል።
በየሃያ ደቂቃው እሷ ዘንድ ብቅ እላለሁ፣ እንደ ጎረቤት፤
አልፎ አልፎ ጥላ ያልፋል፣ ምናልባት ሕፃን የያዘች እናት።
አንድ ሌሊት ጠፋችብኝ።
ያ ሃያ ደቂቃ ረዘመብኝ።
ስትበራ፣ ሳላውቀው፣ ዐይኔ ተርገበገበ፤
ስንት ጊዜ እንደሆነ ማን መቁጠር አሰበ?

በጥር አጋማሽ ፀሐይ ለአራት ደቂቃ ጫፏን አሳየች።
መሥሪያ ቤቱ ነቅሎ ወጣ፣ ማርማላታ የሞላው ዳቦ በእጁ፣
ስኳር በጢሙ፣ ስኳር በጉንጩ።
በሌንሱ ላይኛው በኩል አየኋት፣ ለሩቅ በተባለው ቦታ።
ነፋሱ መታኝ፤ ዐይኔ አነባ።
ይህኛው ደረሰኝ የለውም።

ብልቃጡን አልጣልሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ገና ግማሽ።
ተመልሼ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ አዲስ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል፤
ዘይት ይሁን ዝምታ፣
ስልኩን ሳላነሣ
ሁለት ጊዜ አርገብግቤ አየሁት።